የረቡዕ ዘጠኝ እርምጃዎች

ኅዳር 4

እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። አባባን በግራ ጉንጩ ሳሚልኝ፤ ከታመመ ወዲህ ቀኙ አይሰማውም ስላልሽኝ ነው።

«ሥራ ቦታ፣ እህትሽ ምንድን ነው የምትማረው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?» ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔንም ቢጠይቁኝ እንዳንቺው ነኝ። ዲዛይን በያቸው። የዘንድሮው መመረቂያ ደግሞ ዕቃ ሠርተን፣ ውስጡ ሽቦና ሴንሰር ከትተን፣ ሰው ሲነካው ወይ ሲጠጋው የሆነ ነገር እንዲመልስ የምናደርግበት ነው። ሰው ሲገባ በራሱ የሚበራ መብራት አለ አይደል? እንደዚያ። ግን ቁም ነገር ያለው ይሁን ይሉናል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ቁም ነገር የሚሉት ነው።

ሦስት ሐሳብ አቅርቤ ሦስቱም ወደቁ። አንደኛው በሰው ድምፅ ቀለሙ የሚለዋወጥ ግድግዳ ነበር። ሁለተኛው ሰው ሲያዝን የሚደበዝዝ መብራት። ሦስተኛው ውሃ ሲጠማው የሚጮህ የአበባ ማሰሮ፤ እሱንስ ሳቀርበው እኔም አፍሬ ነበር። መምህራችን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። «ለማን?» ይላል። ከዚህ የተነሳ ስሙ ራሱ ጋሽ ለማን ሆኖ ቀርቷል።

«ግድግዳው ለማን?»

«ለሰዎች።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

እዚህ ላይ ንድፌን ጠቅልዬ እወጣለሁ።

ባለፈው ዓመት መውደቄን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ከደገምኩት ሦስተኛ ዕድል የለም፤ ያለ ዲግሪ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መምጣት ነው። የአምስት ዓመት ልፋት፣ የኔ ብቻ ሳይሆን ያንቺም፣ ገደል ገባ ማለት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሐሳቤ ካልጸደቀ ደግሞ ፈተናው ጋም አልደርስም። ደክሞኛል እትዬ። የሚያሳዝነው ምንም ሳልሠራ ነው የደከመኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ አሁን አረማመዱ እንዴት ነው? ለምን እንደጠየቅሁሽ እንጃ።

ታናሽሽ

ኅዳር 12

ሚጡዬ፣

ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ። ሆቴሉ ሞልቶ ሰነበተ፤ እንግዳ በበዛ ቁጥር አንሶላው ለኔ ነው የሚተርፈው። ዐሥር ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስተኩስ ውዬ ቤት ስገባ እግሬ የኔ አይመስለኝም። በስልክ ለምን አናወራም እንዳትዪኝ፣ ቤታችንን ታውቂው የለ? አባባ ምላሱ ተያዘ እንጂ ጆሮው ምንም አልሆነ። እሱ እየሰማ ስለ እሱ ማውራት ይከብደኛል። አንቺም በስልክ አገናኚኝ ብለሽ አታስቸግሪኝ፣ ቃል ሲጠፋበት ያለቅሳል። በወረቀት ይሻለናል።

አረማመዱን እንግዲህ ስሚ። ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ ከዘራውን በግራ ይይዛል። ከአልጋው ተነስቶ ኮሪደሩን ይዞ እስከ ውጭው በር ድረስ ዐሥራ አራት እርምጃ ነው። ሐኪሙ በቀን ሁለቴ ነበር ያለው፤ እሱ ግን አራቴ ካልሄድኩ ብሎ ድርቅ አለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነበበ ሰው ኮሪደር ምን ይበቃዋል ብለሽ ነው? ደግሞ ይቆጥራል። ሌላ ቃል ቢጠፋበትም ቁጥር አልጠፋበትም። በሩ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነግረኛል፣ መዝገብ ላይ እንድጽፍለት ይመስል። ትናንት «ዐሥራ ሦስት» አለኝ። አንዱን የት ጣልከው ብዬ ስስቅበት እስከ ማታ አኮረፈኝ።

ሥራ ስሄድ የጎን ቤቷ እማማ ብቅ እያሉ ያዩታል። ለኛ አትጨነቂ።

ስለ መውደቅ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። አትወድቂም፣ አለቀ።

እትዬሽ

ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

እንዲህ ዝም የምትይው ምን በድዬሽ ነው? ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ የለም። አስቀይሜሽም ከሆነ አፈር ስሆን ይቅር በይኝና ይህን ስሚ፤ ሐሳቤ ጸደቀ!

ያንቺን ደብዳቤ አንብቤ ሳልጨርስ ነው የመጣልኝ። ከዘራ ልሠራ ነው። እጀታው ውስጥ ትንሽ ሞተር አለ፤ እግሩ ሲጎተት ወይ እርምጃው ሲያጥር እጁን በቀስታ ነዘር አድርጎ «አንሳው» ይለዋል። ገብቼ ለጋሽ ለማን ነገርኩት። «ለማን?» አለኝ። «ለአባቴ» አልኩት። እትዬ ትሙት፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚህ በፊት ማንም ፊት ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

ግን ከዘራውን ለአባባ ለማስተካከል አረማመዱን መለካት አለብኝ። በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ካርቶን ልኬልሻለሁ። ውስጡ ጫማ ውስጥ የሚገባ ሁለት ስስ ሶል አለ፤ ሽቦው ወገብ ላይ ከምትታሰር ሳጥን ጋር ይያያዛል። ሳጥኗ እግሩ መሬት በረገጠ ቁጥር ክብደቱንና የእርምጃውን ርዝመት ውስጧ ባለች ትንሽ ካርድ ላይ ትመዘግባለች። በየሳምንቱ ካርዷን አውጥተሽ ላኪልኝ፣ ሌላ እተካለሁ። ጋሽ ለማን ቢያንስ የሁለት ወር መዝገብ ያስፈልጋል ብሎኛል፤ ያለሱ ፕሮጀክት የለም።

ይህን ብቻ አድርጊልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ሚጡ

ታኅሣሥ 11

ሚጡዬ፣

አልተቀየምኩም። አንቺን ተቀይሜ የት እደርሳለሁ? ሥራ በዛብኝ፣ ብርድም መቶኝ ነበር፤ ይኸው ነው።

ሐሳብሽ በመጽደቁ እልል ብያለሁ፤ አባባም ሰምቶ ግራ እጁን ከፍ አድርጓል። ካርዷ ደብዳቤው ውስጥ አለች። ይሄዳል። ጠዋት ስለማይመቸው ከሥራ ከተመለስኩ በኋላ ነው የሚሄደው። ሲሄድ ፎቶ አንሺልኝም አትበዪኝ፤ እንደዚህ ሆኖ መታየት አይወድም። ለዕረፍትም እመጣለሁ እንዳትይ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጊዜሽም አጭር ነው። ሥራሽን ሥሪ።

እትዬሽ

ጥር 6

እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ ከነድካምሽ። ምሥራች ልንገርሽ፤ አባባ እየተሻለው ነው! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መጀመሪያ ሳምንት ቀኝ እግሩ ሲጎተት ከካርዷ የሣልኩት መስመር ዝም ብሎ ዝርግ ነበር፤ አሁን ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሽ ለማን አትሞ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። «ይህ እውነተኛ መዝገብ ነው፣ ከኢንተርኔት የተለቀመ አይደለም» ብሎ ለሁሉም አሳየ። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ምስጋናዬ ነው።

ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። አንደኛ፣ ሰውነቱ ቀሎብኛል። ከስቷል እንዴ? ሁለተኛ፣ እሁድ እሁድ እርምጃው ረጅም ነው፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ጭራሽ ያጥራል፣ እያረፈ ነው የሚሄደው። ቤት ለሚውል ሰው ዓርብና እሁድ ምን ልዩነት አላቸው?

ሚጡ

ጥር 13

ሚጡ፣

ካርዷ ይኸውልሽ። ትንሽ ከስቷል፤ የታመመ ሰው ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ዓርብና እሁድን እኔ ከየት አውቄ ልንገርሽ? ሰው አንዳንድ ቀን ይደክመዋል። በደብዳቤ ሁሉ እንዲህ መርማሪ አትሁኚብኝ፣ እኔም ሰው ነኝ።

ክፉ ቃል ወጣኝ፤ ይቅርታ። ሳምንቱ ከብዶኝ ነው።

እትዬሽ

ጥር 27

እትዬ፣

ረቡዕ፣ ጥር 20፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አባባ ሮጠ።

ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሦስቴ ፈተሽኩት፤ ደህና ነው። እንደ ሁልጊዜው ቀኙን እየጎተተ ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ እያለ ሄዶ በሩ ጋ ደረሰ። ዞረ። ከዚያ ዘጠኝ ረጃጅም እርምጃ፤ ሁለቱም እግሮች እኩል፣ መጎተት የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ለአርባ ደቂቃ ያህል ጫማው መሬት አልረገጠም፤ ሰው ሲንበረከክ እንደሚያደርገው የጣቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚነካው።

ለጋሽ ለማን እስካሁን አላሳየሁትም። ሐሙስ መዝገቡን ይፈልገዋል።

እለምንሻለሁ፣ አታባብይኝ። ረቡዕ ምን ሆነ? ያ እግር የማን ነው?

ሚጡ

የካቲት 5

የኔ ሚጡ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። ከሐሙስ በፊት እንዳልደረሰልሽም አውቃለሁ። ይቅር በይኝ። የኔ እግር ነው።

ኅዳር 21 ቀን ሕመሙ ተመለሰበት። ዝም ያልኩሽ ያኔ ነው። ከሐኪም ቤት ሲወጣ ከአልጋ እንደማይነሳ ነገሩኝ። እንዴት እንደምጽፍልሽ ሳሰላስል ያ «ጸደቀልኝ» የሚለው ደብዳቤሽ መጣ፣ በማግስቱ ደግሞ ካርቶኑ። ለአባባ አነበብኩለት። ሳጥኗን አልጋው ጫፍ አስቀምጬ ሁለታችንም አየናት። እንግዲህ እውነቱን ልጽፍላት ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም። በግራ እጁ ጫማውን አሳየኝ፤ «አንቺ» አለኝ። ምን አንቺ? «አንቺ... ሂጂ።»

እብደት ነው እኮ። አውቃለሁ! ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ የሱን ጫማ አጥልቄ፣ ሳጥኗን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ከዘራውን ይዤ ኮሪደሩን ስጎተት ታይኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ስፈጥንበት ግድግዳውን ይደበድባል። «ቀስ!» ይለኛል። አጎታተቱን አልችልበት ስል ይናደዳል፤ እኔም እናደዳለሁ። በር ተከፍቶ እሱ ተኝቶ ይቆጥራል፣ እኔ እሄዳለሁ። መስመሩ ከፍ ዝቅ አለ፣ ተሻለው ብለሽ የጻፍሽው እኔ ደክሞኝ ማስመሰሉን ስረሳው ነው። ሳነብለት ግን ስለ ሌላ ሰው እንደሚሰማ ነው የተደሰተው። ያን ፊት አይቼ እንዴት አቆማለሁ?

ረቡዕ ዕለት ከበሩ ስዞር ጓ አለ። ስሄድ ሊያየኝ ተንጠራርቶ ከአልጋው ወድቋል። መጮህ አይችልም፣ መሬት ላይ ሆኖ እጁን ብቻ ያነሳል። እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም፤ ሳጥኗ ወገቤ ላይ እንዳለችም ረስቻለሁ። ብቻዬን ላነሳው አቅቶኝ እማማ ቤታቸው ገብተው እስኪሰሙኝ አቅፌው ተንበርክኬ ነበር። አልተሰበረም፤ ትከሻው ብቻ አብጦ አሁን ቀንሷል።

ዓመትሽን ላድን ብዬ ዓመትሽን ሳላበላሽብሽ አልቀርም። ከፈለግሽ ስደቢኝ።

እትዬሽ

የካቲት 16

እትዬ፣

ተሳድቤያለሁ፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዬን፣ በክፍሌ። አንቺ ጆሮ አይደርስም። ሦስት ወር አባቴ ተኝቶ እኔ እዚህ «ተሻለው» እያልኩ ስጨፍር! ይህን መቼም አልረሳልሽም። ከዚያ ደግሞ በሱ ጫማ ስትጎተቺ ታየሽኝና አለቀስኩ።

ጋሽ ለማን ምን አለ ሳትዪ አትቀሪም። ሐሙስ ዕለት ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብዬው ነበር። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ግን ሄጄ እውነቱን አፈረጥኩት። ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ወረቀት አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እንግዲህ ቀደደው ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ እስካሁን የለካሽው ማንን ነው?» አለኝ።

«እህቴን።»

«እህትሽ ምን ሆናለች?»

አየሁት እትዬ። ዓርብ ዓርብ እርምጃሽ አራት ጣት ያጥራል። ሐሙስ መንገድ ላይ ትቆሚያለሽ። እሁድ ብቻ ነው ሰው የምትመስዪው። አንቺ «ደህና ነን» እያልሽ ስትጽፊልኝ እግርሽ በየሳምንቱ እውነቱን ይልክልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ጋሽ ለማን ከዘራው ቀርቷል፣ በዚህ ዐሥር ሳምንት ሌላ ሠርተሽ አምጪ ብሎኛል። ካልሆነ ያው የምታውቂው ነው፤ ያለ ዲግሪ።

አትምጪ ብትዪም ቅዳሜ አውቶቡስ እይዛለሁ። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሚጡ

ሚያዝያ 24

እትዬ፣

ከናንተ ዘንድ ከተመለስኩ ጀምሮ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። አባባ መለወጡን ለምጄው ነበር የመጣሁት ማለት ይቻላል፤ አንቺን ግን አልጠበቅሁም። በዚያ ሳምንት ሻይሽን ተቀምጠሽ ስትጠጪ አንዴም አላየሁሽም። ልብስ ልታሰጪ ትወጪና ሁለት አስጥተሽ ትመለሻለሽ። «ቢጠራኝስ?» ትያለሽ። እሱ መጥራት ስለማይችል አንቺ በየደቂቃው ራስሽን ትጠሪያለሽ።

የሠራሁትን በዚያው በአውቶቡሱ ሹፌር ልኬያለሁ። የላስቲኳ ኳስ ለአባባ ናት፤ በግራ እጁ ጨበጥ ሲያደርጋት፣ አንቺ እጅ ላይ የምትታሰረው ነገር ትንቀጠቀጣለች። እስከ መንገዱ ማዶ ትሠራለች። በጨበጣት ቁጥር ውስጧ ባለችው ካርድ ላይ ይመዘገባል። ቀለም የለውም፣ ብርሃን የለውም፤ የሚያምር ነገር አልሆነልኝም። ጋሽ ለማን ግን «ለማን?» አላለኝም።

ዋናው ሙከራ ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 ነው። ከሥራ በጊዜ ስለምትወጪ ወንበር ይዘሽ ደጅ፣ ከዛፉ ሥር፣ አንድ ሰዓት ተቀመጪ። ምንም ሳትሠሪ። ተቀመጪ አልኩሽ፤ ሽንኩርት ይዘሽ እንዳትወጪ!

ሚጡ

ግንቦት 12

እትዬ፣

ካርዷ ያለ ደብዳቤ ደረሰችኝ። በሳምንቱ ውስጥ ማታ ማታ ወጥ ቤት ስትሆኚ ሰባት ስምንት ጊዜ ይጨብጣል። ቅዳሜ ግን ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዐሥር ከሩብ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ዜሮ።

ፈራሁ። ደጅ ድረስ አልሠራ ብሎ ይሆን? አባባስ ደህና ነው? ፈታኞቹ ፊት የምቀርበው ሰኞ፣ ግንቦት 24 ነው። ምንም ይሁን ምን፣ ቢያስጥለኝም እንኳ፣ እውነቱን ጻፊልኝ። የማስመሰል መዝገብ ሁለተኛ አልፈልግም።

ሚጡ

ግንቦት 16

ሚጡዬ፣

ዕቃሽ ደህና ነው፤ አባባም ደህና ነው። ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ያንን ለመጻፍ ጊዜ ፈልጌ ነው።

እንዳልሽኝ ወንበሬን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ እጄን ሳይ ብቻ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ጀርባዬን ወንበሩ ላይ ለቀቅሁት። ሰው ሲያልፍ አየሁ፤ ሁለት ሴቶች ስለ ሠርግ ልብስ እየተከራከሩ አለፉ፣ የማን ሠርግ እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ። ጫማዬን አወለቅሁ። እግሬን ዘርግቼ ሳየው አባብጧል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ትንሽም ሳላሸልብ አልቀረሁም።

ብንን ስል ሰዓቱ አልፏል። ዝምታው አስደንግጦኝ ገባሁ። አባባ ዓይኑን ገልጦ ተኝቷል፣ ኳሷ መዳፉ ላይ ናት። ጠጋ ስል ከወገቡ በታች አንሶላው ርሷል። ቀዝቅዞም ነበር፤ ከቆየ ቆይቷል። ከንፈሩም ደርቋል።

«አባባ፣ ምነው? ኳሷ እኮ እጅህ ላይ ናት! ለምን አልጨበጥካትም?»

ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለ። ልረዳው ስል በእጁ ከለከለኝ።

«ተቀምጠሽ ነበራ» አለኝ።

አጠብኩት፣ ቀየርኩለት። ተቆጣሁትም፤ እያለቀስኩ ነው የተቆጣሁት። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት ቆሜ ስንጎዳጎድ ከሰማ ይጨብጣል። የወንበር ድምፅ ከሰማ አይነካትም። ሁለት ቀን ሞክሬ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው። ያስጥልሽ ያሳልፍሽ አላውቅም። እንደጻፍኩት አንብቢላቸው።

እትዬሽ

ግንቦት 26

እትዬ፣

በጭንቅ አለፍኩ።

እንዳልሽኝ አነበብኩላቸው፤ ስለ አንሶላው ያለውን ላልፈው ብዬ አላለፍኩትም። አንደኛው ፈታኝ፣ «ዕቃው የተሠራው ለመጥራት ነው፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት አልተጠራበትም፤ ታዲያ ምኑን ሠራ?» አለኝ። ጋሽ ለማን መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ። የሰጡኝ ነጥብ ከማለፊያው ሁለት ብቻ ይበልጣል። ወረቀቱ ላይ «በዋናው ሙከራ ተጠቃሚው ዕቃውን አልተጠቀመበትም» ተብሎ ተጽፏል። እውነታቸውን ነው፤ አልተከራከርኩም።

ክፍሌን አስረክቤያለሁ። እሁድ እመጣለሁ፤ ለሳምንት አይደለም፣ ለመክረም ነው። ያቺን እጅ ላይ የምትታሰረውን ፍቺና አልጋው ጎን አስቀምጪልኝ፣ ከእንግዲህ የማስራት እኔ ነኝ። ለአባባም ንገሪልኝ፤ እኔ አምስት ዓመት ተቀምጬ ነው የከረምኩት፣ እስኪበቃው ድረስ ይጨብጥ።

ሚጡ